ፓምፑን ከመግዛታችን በፊት
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ከቁጠባው ሒሳብ በፊት ስለ አዲሱ ጉድጓድ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ውሃው ወጥቷል፣ ኩልል ያለ ነው፤ የጀርም ምርመራውንም አልፏል። እኔ ግን የፍሎራይድ ምርመራ ውጤት ሳይመጣ ፓምፕ እንዳንገዛ እጠይቃለሁ።

የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ መሬቱ እየተለጠጠ የተሰነጠቀ ነው። የደጋው ዝናብ ሰርጎ በእነዚህ ስንጥቆች ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ እዚያ ይሞቃል። በእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቆይ ፍሎራይድ እያሟሟ ይወስዳል። ካልሲየም ቢበዛበት ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር፤ የሸለቆው ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ አንሶ ሶዲየሙ ይበዛል። ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚያወጣበትን ውሃ ለልብስ እንወደው የለ? ያ ልስላሴ የካልሲየም ማነስ ነው። በሳሙና ብቻ ግን አይፈረድም፤ ደጋም ለስላሳ ውሃ አለ።

ደግሞ ጎረቤት ጉድጓዶች እንኳ አይመሳሰሉም። አንዱ ከስንጥቁ ሙቅ ውሃ ይደርሰዋል፣ ሌላው አይደርሰውም። የወዲያኛው መንደር ውሃ ደህና መሆኑ ለእኛ ዋስትና አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆአችን ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ እንዲህ ያለ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አንገትና ወገባቸው ደርቆ አልታጠፍ ማለቱን ሐኪሞች መዝግበዋል። በልጆች ላይ ጥርስ ይቀድማል። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፤ በልዞ ከወጣ በኋላ በመፋቂያ አይለቅም።

አንዲት እናት «አፍልተን እንጠጣዋለን» ብለውኛል። ለጀርም ልክ ናቸው። ሲፈላ ግን የሚተነው ውሃው ነው፤ ፍሎራይዱ ድስት ውስጥ ቀርቶ ይወፍራል። ክሎሪንም አያወጣውም።

ውጤቱ ከፍ ካለ ጉድጓዱን አንጥለውም፤ ለልብስና ለቤት ጽዳት ይሆናል። ለመጠጥ በአጥንት ከሰል ማጣራት ይቻላል፤ ግን ከሰሉ በየጊዜው ይቀየራል፣ ወጪውም የእኛው ነው። ይህን አስቀድመን ማወቅ አለብን።

የረዳችሁን ወዳጆች፣ ገንዘቡን ለፓምፕ ብላችሁ እንደሰጣችሁ እናውቃለን። የምርመራው ክፍያ ከዚያው እንዲነሳ ፈቃዳችሁን እንለምናለን። ናሙናውን በንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ ሰኞ ጠዋት እኔው እወስዳለሁ፤ አብራኝ የምትሄድ አንዲት ሴት ግን ስጡኝ።