ቅጽሉ የት ተቀመጠ?



በበዓል ቀን ስለ ሰዋስው መናገር ድፍረት ነው፤ ስለዚህ አሳጥራለሁ።

ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ፕሬዲኬት አድጀክቲቭን ለዩ ሲባሉ ለምን ይቸገራሉ? ከታች ክፍል ጀምሮ «ቅጽል ከስም ፊት ይመጣል» የሚለውን ይዘው ስለሚያድጉ ነው። «ሆት ሱፕ» ላይ ቅጽሉን ወዲያው ያገኙታል። «ዘ ሱፕ ኢዝ ሆት» ሲመጣ ግን ከ«ሆት» በኋላ ስም የለም፤ ግራ ይገባቸዋል።

መለያው ሦስት ጥያቄ ነው። ግሱ ድርጊት ይናገራል ወይስ ባለቤቱን ከመግለጫው ጋር ያያይዛል? ቀጥሎ የመጣው ቃል ስለ ባለቤቱ ይናገራል? ቃሉስ ቅጽል ነው? «ሺ ኢዝ ኤ ቲቸር» ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፤ «ቲቸር» ስም ነውና። «ሺ ሉክድ አንግሪ» ሦስቱንም ያልፋል፤ በ«ሉክድ» ፈንታ «ዋዝ» ብናስገባ ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም። «ሺ ሉክድ አንግሪሊ አት ሂም» ላይ ግን «ዋዝ» አይገባም። እዚህ ማየቱ ድርጊት ነው፤ «አንግሪሊ»ም እንዴት እንዳየችው ይናገራል።

ሌላው እንቅፋት ከራሳችን ቋንቋ ይመጣል። እንግሊዝኛ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ታየርድ» ብሎ በቅጽል የሚናገረውን እኛ በግስ እንጨርሰዋለን፦ ራበኝ፣ ደከመኝ። ተማሪው «አይ ሀንግሪ» ብሎ «አም»ን ቢዘልል ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ «ራበኝ» ውስጥ «ነኝ» የለማ! «ልጆቹ ጎበዞች ናቸው» የሚለውም «ክሌቨርስ» ብሎ ቢጽፍ አይድነቃችሁ፤ የእኛ ቅጽል ይበዛል፣ የእንግሊዝኛው አይበዛም።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ነው። «ዘ ሊኩይድ ቢኬም ክሊር» የሚለውን ማንበብ ያቃተው ልጅ ሰዋስው ብቻ አይደለም ያመለጠው፤ የሙከራው ውጤትም አምልጦታል።

እንግዲህ ከመካከላችሁ የምታስተምሩ ሁሉ፣ «ራበኝ»ን ከ«አይ አም ሀንግሪ» ጎን ሰሌዳ ላይ ጻፉት። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ተማሪ ካለም፣ «በእናንተ ቤት እንዴት ይባላል?» በሉት። የአፍ መፍቻውን ከክፍል ማስወጣት እንግሊዝኛውን አያስገባም። ልዩነቱን በዓይኑ ያየ ልጅ ግን ሕጉን ሳይሸመድድ ይይዘዋል።