ተቀባይ የነበረው ሰው አውጪ ሲሆን



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ የሰሜን አሜሪካ ሙዚቀኛ ነው። ስሙ ኤዲ ሾው ይባላል። ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያንን ዜማ እየዘፈነና ቴኖር ሳክስፎን እየነፋ ከ60 ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በ2018 ዓ.ም. ዐርፏል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

የሙዚቀኛ ታሪክ ለመሥሪያ ቤት ሰው ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ከእናንተ መካከል የአንድ ትልቅ ሰው ምክትል ሆኖ ብዙ ዘመን ያገለገለ፥ አለቃውም በሞት በተለየው ጊዜ ከባዶው ወንበር አጠገብ ቆሞ «እንግዲህ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ራሱን የጠየቀ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ለኤዲ ሾውም ይኸው ጥያቄ ደርሶበታል።

የተወለደው በ1937 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ግዛት ነው። ያ አገር ወንዝ ያለበሰው ጥቁር አፈር ያለበት የጥጥ አገር ነው። በዚያን ዘመን ከጥቁሩ ሕዝብ የሚበዛው የሰው መሬት በእኩል እያረሰ፥ መከር በደረሰም ጊዜ ከድርሻው ላይ ዕዳው እየተቀነሰበት የሚኖር ነበር፤ ብሉዝም የበቀለው ከዚሁ ኑሮ ነው። ሾው ያደገው ግሪንቪል በምትባለው ከተማ ሲሆን፥ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ከአይክ ተርነር የሙዚቃ ጓድ ጋር ለመንፋት በቅቷል። በ1957 ዓ.ም. ስመ ጥሩው መዲ ዎተርስ ከቺካጎ መጥቶ ኢታ ቤና በምትባል ትንሽ ከተማ ሲጫወት፥ ወጣቱ ሾው ሳክስፎኑን ይዞ አብሮ ነፋ፤ መዲም ወደደውና ቀጠረው። በእነዚያ ዓመታት እጅግ ብዙ ጥቁሮች የደቡቡን የጥጥ እርሻ እየተዉ ወደ ሰሜኑ ፋብሪካ ይሄዱ ስለ ነበር ዘፈናቸውም ተከትሏቸው ሄዶ ነበር። ሾውም መዲን ተከትሎ ቺካጎ ገባ።

የሾውን ዕድል የወሰነው ግን ቼስተር በርኔት የሚባል ሌላ ሰው ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው ሃውሊን ዉልፍ በሚለው ስም ሲሆን፥ ትርጓሜውም የሚጮኸው ተኵላ ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90፥ ክብደቱም ከ120 ኪሎ በላይ ነበር፤ ድምፁም እንደ አካሉ ነበር። ይህ ሰው በጕልምስናው ዘመን የማታ ትምህርት ገብቶ ንባብና ጽሕፈት የተማረ ነው። ከዚህም በላይ ለሚያሠራቸው ሙዚቀኞች የጡረታና የሥራ አጥነት መድን ገንዘብ እየቈረጠ ለመንግሥት ያስገባ ነበር። የሌሊት መጠጥ ቤት ዘፋኝ ይህን ማድረጉ በሒሳብ ክፍል ላላችሁት ሳያስደስታችሁ አይቀርም።

ሾው በዚህ ሰው ጓድ ውስጥ የነበረው ሥራ እንዲገባን ስለ መሣሪያው ጥቂት ልናገር። ሳክስፎን ከናስ ተሠርቶ በአፉ ላይ በታሰረ የሸንበቆ ስንጣሪ የሚጮህ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ጊታር የሚመታ ሰው እየመታ ሊዘፍን ይችላል፤ ሳክስፎን የሚነፋ ግን አይችልም፥ አፍ አንድ ነውና። ስለዚህ ዘፋኙ አንድ ቃል ብሎ ዝም ሲል ሳክስፎኑ ይቀበለዋል። ተኵላው አውጪ፥ ሾው ተቀባይ ሆነው ኖሩ። ውሎ አድሮም ሾው የጓዱ መሪና የተኵላው ጕዳይ ፈጻሚ ሆነ። በቺካጎ ምዕራብ በሩዝቬልት ጎዳና በ1815 ቍጥር የነበረው፥ በቍጥሩም የሚጠራው የሙዚቃ ቤት የሾው ሲሆን፥ የተኵላው የመጨረሻ ዘመን መጫወቻ እርሱ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ተኵላው በመኪና አደጋ ኩላሊቱ ተጐድቶ ደሙን በመሣሪያ እያስጠራ የሚኖር በሽተኛ ሆነ። መዝፈኑን ግን እንቢ አልተውም አለ። ያን ጊዜ ሾው በአንድ ጨዋታ ከስድስት ዘፈን የማይበልጥ እንዲዘፍን ወሰነለት። እስኪ አስቡት፤ ሕዝቡ ገንዘብ ከፍሎ የመጣው ተኵላውን ሊሰማ ነው፤ አለቃውም ልዝፈን ይላል፤ በቃህ የሚለው ምክትሉ ነው። የቀረውን ሰዓት ሊሞሉ የሚገባቸው ሾውና ጓደኞቹ ነበሩ። በ1973 ዓ.ም. ተኵላው ባወጣው የመጨረሻ ሸክላ ላይም ከሾው ብዕር የወጡ ዘፈኖች አሉ፤ አንዱም በዚያን ጊዜ ዋሽንግቶንን ስላናወጠው ስለ ወተርጌት ጕዳይ የሚናገር ነው። እንግዲህ ተቀባዩ ቀስ በቀስ ቃል አቀባይም ወደ መሆን ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ተኵላው በጥር ወር 1976 ዓ.ም. በ65 ዓመቱ ሞተ። ሾው ያን ጊዜ 38 ዓመቱ ነበር። ጓዱን አልበተነውም፤ «የተኵላው ጓድ» በሚል ስም ይዞት ቀጠለ። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ከተኵላው ጋር የነበረው፥ በዕድሜም የሚበልጠው ጊታረኛ ሂዩበርት ሰምሊን እንኳ ለጥቂት ዓመታት በእርሱ መሪነት ተጫውቷል።

ይህን የሞተ ሰው ስም ይዞ እንጀራ መብላት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ በበኩሌ እንዲህ አላየውም። ስሙ ሰው ወደ አዳራሹ ያስገባ እንደ ሆነ እንጂ መድረክ ላይ ቆሞ የሚዘፍንለት አልነበረም። የሾው ድምፅ ሻካራና የጨዋታ ሰው ድምፅ ነው፤ የተኵላውን አያህልም፤ እርሱም ሊያስመስል አልሞከረም። ያደረገው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቃል ይዘፍንና ቱቦውን ወደ አፉ አንሥቶ ለገዛ ቃሉ ራሱ ይመልስለታል፤ አውጪውም ተቀባዩም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ዘፈኑና ነፊው የሚገናኙባት ያቺ ትንፋሽ መውሰጃ ቅጽበት ከሁሉ ይልቅ ደስ ታሰኘኛለች።

በ1978 ዓ.ም. በቺካጎ በታተመው የብሉዝ ሸክላ ተርታ ከነጓዱ ገባ፤ ከዚያም በ1992 እና በ1997 ዓ.ም. ያወጣቸው ይገኛሉ። ልጁ ኤዲ ቫን ሾው ጊታር ይዞ ከአባቱ ጋር በዚያው ጓድ አገለገለ። ከሜምፊስ የሚሰጠው የብሉዝ ሽልማት በትንፋሽ መሣሪያ ነፊነት ለሾው የደረሰው ዕድሜው ከ75 ካለፈ በኋላ ነው፤ ዘግይቷል ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

በሚያዝያ ወር 2018 ዓ.ም. በቺካጎ በ81 ዓመቱ ዐረፈ። ጓዱ እስከዚያ ድረስ የሚጠራው «ኤዲ ሾውና የተኵላው ጓድ» ተብሎ ነበር።