ጅብ ከሄደ ውሻ እንዳይጮኽ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር)



ስለ በርና መስኮት ማንቂያ እንድናገር ስጠየቅ አፍሬ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ እንጂ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ተዘርፌ የተማርኩትን ብነግራችሁ አንዳችሁ ትድኑበት ይሆናል ብዬ ተነሣሁ።

እንደምታውቁት ከሁለት ልጆቼ ጋር ብቻዬን ነው የምኖረው። አምና እቁብ ሲደርሰኝ ሁለተኛ የስፌት መኪና ልገዛበት ብሩን ቤት አስቀመጥኩ። ሰግቼ ስለነበር ማንቂያ ገዝቼ የሳሎኑ በር ላይ አስገጠምኩ። ሻጩም "ከእንግዲህ ተኝተሽ እደሪ" አለኝ። በሳምንቱ ልጆቼን ይዤ ለቅሶ ስሄድ ሌባው በጓሮ ዞሮ በማድ ቤቱ መስኮት ገባ። በሩን አልነካውም፤ ማንቂያውም ትንፍሽ አላለም። ብሩም ሄደ፣ የምሠራበት መኪናም ሄደ። ከሁሉ የጎዳኝ ግን ታናሿ ልጄ ለብዙ ወራት መብራት ካልበራ አልተኛም ማለቷ ነው።

ጥፋቱ ቤቴን ሳላይ ዕቃ መግዛቴ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቤታችሁን በሌባ ዓይን ዞራችሁ እዩት። የትኛው መስኮት ከአጥሩ ላይ ይደረሳል? የትኛው በር ከመንገድ አይታይም? ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ምድር ላይ ያለውን መስኮትና በረንዳውን እዩ። ማንቂያው መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው።

ተራው የበር ሴንሰር ሁለት ቁራጭ ነው። አንደኛው ማግኔት ሲሆን በሚከፈተው በር ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው መቃኑ ላይ ሆኖ ማግኔቱን ይጠብቃል። በሩ ሲከፈት ማግኔቱ ይርቃል፤ ማንቂያው ይጮኻል። ዋጋውም ቀለል ያለ ነው፤ ለሚከፈት መስኮትም ይሆናል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ በሩ ሲዘጋ ቁራጮቹ በጣም መቀራረብ አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። በሩ የተንጋደደ ከሆነ በነፋስ ሁሉ እየጮኸ ያሰለቻችኋል፤ መጀመሪያ በሩን አሠሩ። ሁለተኛ፣ የብዙዎቻችን በር ላሜራ ነው። ብረት የማግኔቱን ጉልበት ያዳክማል። ለብረት በር የሚሆነውን ጠይቁ፤ ካጣችሁ ከሥሩ ቀጭን እንጨት ወይም ፕላስቲክ አድርጋችሁ ሞክሩት።

መስኮት ላይ ሌላ ችግር አለ። ማግኔቱ የሚያውቀው መከፈትን ብቻ ነው። ሌባው መስታወቱን አውልቆ ወይም ሰብሮ በቀዳዳው ከገባ ዝም ይላል። ለዚህ የመስታወት ስብራት ድምፅ የሚሰማ ወይም መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ንዝረት የሚያውቅ ሴንሰር አለ። አቅም ካነሰ ደግሞ ከየትኛውም መስኮት የገባ ሰው የሚያልፍበት መተላለፊያ ላይ አንድ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ይበቃል። እሱ ግን ሌሊት ለሚነሣ ልጅና ለድመትም ሊጮኽ ይችላል፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ቤት ሰው ሳይኖር ነው። የብረት ፍርግርግ ያላችሁ ደግሞ ተመስገን በሉ፤ ሆኖም እሳት ቢነሣ መውጫ እንድታገኙ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን "መብራት ሲጠፋስ?" ብላችሁ ጠይቁ። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም ይሄዳል፤ ስልክ ላይ ብቻ መልእክት የሚልከው ማንቂያ ያን ጊዜ ዲዳ ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ በራሱ የሚጮኽ ይሁን። አቅም ካለ ባትሪም ሲም ካርድም ያለው ይሻላል፤ እሱ ራሱ ይደውልላችኋል።

የመጨረሻው ዋና ነገር ሰሚ ነው። ሰሚ የሌለው ማንቂያ ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ ነው። እኔ አሁን ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ድምፁን አሰምቻቸዋለሁ፣ ስልኬን ሰጥቻቸዋለሁ። ሲጮኽ ማንም ብቻውን ወደ ሌባው አይገባም፤ ተጠራርተን ለፖሊስ እንደውላለን። የእቁብ ብርም በዚያው ቀን ባንክ ይገባል።

ከማኅበራችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን እናቶቻችን ዕቃውን በጋራ ገዝተን እንግጠምላቸው፤ በየወሩም ባትሪውን እንይላቸው። ደጋፊዎቻችንም በዚህ ብታግዙን ትልቅ ነገር ነው።

በእኔ ቤት በየወሩ ማንቂያውን የምትሞክረው ታናሿ ልጄ ናት። መስኮቱን ከፍታ ታስጮኸውና ጆሮዋን ይዛ ትስቃለች። አሁን መብራት አጥፍታ ትተኛለች።