ውርጭ ጀግና አይለይም

(ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚጓዙ ወጣቶች ከጉዞው በፊት የተደረገ ንግግር)



በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የስንቶቻችን ፕሮፋይል ላይ ነው ዋልያ ያለው? ጭላዳ፣ ራስ ደጀን፣ የጅብራ ተክል ፎቶ ያልለጠፈ አለ? ግን እግሩ የረገጠው ስንቱ ነው? የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ሳንቃበርን፣ ጊችን፣ ጨነቅን በእግሩ ያዳርሳል፤ እኛ በስልክ እናየዋለን። ይሄ ማብቃት አለበት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት ፈጀበት። እንዲህ የተለፋበትን ቦታ ማየትና ማወቅ የኛም ድርሻ ነው። ስለዚህ እንሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። «እኛ የጀግና ልጆች ነን፤ ብርድ ምን ያደርገናል?» የሚል ወሬ ይሰማል። ባንዲራ ያለበት ቲሸርት፣ ሸራ ጫማ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ፤ በቃ፣ ዝግጅት አለቀ! ወገን፣ ውርጭ የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠይቅም።

ጀግኖች የምንላቸው አባቶቻችን እንዲህ አላሰቡም። አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ከፋፍለው ከሁሉ በላይ ያለውን «ውርጭ» አሉት። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የደጋ እረኛ ሲወጣ በርኖስ ወይም ለምድ ደርቦ ነው። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር ባናና ዝተት የሚሠራው ለጌጥ አይደለም። ከብርድ ጋር የኖረ ሰው ብርድን ያከብራል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ጎንደር ላይ 22 ዲግሪ ቢሆን፣ እዚያ ጫፍ ላይ 6 ገደማ ነው ማለት ነው። ያውም በቀን፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። በበጋ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ምን እንልበስ? እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ተመርቄ ሥራ የምፈልግ ነኝና ውድ ጃኬት ግዙ አልልም። ሰልባጅ ተራ ሂዱና የሱፍ ሹራብ ፈልጉ። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ጥጥ ግን ላብ ወይም ዝናብ ከጠጣ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ጋቢያችንም ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሲሆን ወርቅ ነው፣ ከረጠበ ግን ሸክም ነው። ስለዚህ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለማታ አቆዩት። አንድ ወፍራም ከመልበስ ሁለት ሦስት ስስ መደራረብ ይሻላል፤ ዳገት ላይ ሳያልባችሁ አውልቁ፣ ስታርፉ ቶሎ ደርቡ። ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ነገር፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ትርፍ ደረቅ ካልሲ ያዙ። ዳቦ ቆሎና በሶም አትርሱ፤ ያልበላ ሰውነት አይሞቅም።

ከነበርኩበት አንድ ጉዞ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መታው። «ደህና ነኝ» እያለ ቀጠለ። ኩራት ነው እንጂ ደህና አልነበረም። ቆይቶ እግሩ ይደናቀፍ፣ ምላሱ ይተሳሰር ጀመር። አንዳንዶች «ሰከርክ እንዴ?» ብለው ቀለዱበት። አብሮን የነበረው የአካባቢው ጠባቂ ግን አንዴ አይቶት «ይሄ ልጅ በርዶታል» አለ። ከነፋስ ከልሎ እርጥቡን ልብስ አስወለቀው፣ በራሱ በርኖስ ጠቀለለው፣ ሙቅ ሻይ በስኳር አጠጣው። ልጁ ተረፈ።

ምልክቶቹን ያዙልኝ፦ ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ ጣት አልታዘዝ ማለት፣ መደናቀፍ፣ ንግግር መንተባተብ። የሚንቀጠቀጥ ሰው መንቀጥቀጡን ካቆመና ከፈዘዘ «ተሻለው» እንዳትሉ፤ ብሶበታል፣ ሐኪም ጋ መድረስ አለበት። ሙቅ መጠጥ የሚሰጠው ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ብቻ ነው። አረቄ አትስጡ፤ ለጊዜው የሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል።

ሌላ ገዳይ ደግሞ አለ፤ ከሰል። ብርዱ ሲጠና ምድጃ ወደ ድንኳን ወይም ወደተዘጋ ክፍል ማስገባት ያምራል። በጭራሽ አታድርጉት! ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል።

ከፍታውም ራሱ ያማል። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ፣ እረፉ። ከባሰ፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ጫፍ ለመድረስ አትሩጡ። ደባርቅ ላይ እደሩ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ጥሩ ካልሆነ ቅሩ። ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡ፣ ጠባቂና አስጎብኚ ያዙ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ተናገሩ። ማንም ብቻውን አይቅር፣ ማንም ብቻውን አይቅደም፤ የቡድኑ ፍጥነት የደካማው ፍጥነት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ወገኖቼ፣ «በርዶኛል» ማለት ነውር አይደለም። «እንመለስ» ማለትም ሽንፈት አይደለም፤ ተራራው ነገም እዚያው ነው። አገራችንን በእግራችን እንወቃት። ግን ስንት ሆነን እንደወጣን፣ ያንኑ ያህል ሆነን እንመለስ።

ላልሰማ አሰሙ!