ዜናና የቤት ደብተር

በራዲዮ የተነገረ ንግግር



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ገንዘብ፥ ስለ ግብር፥ ስለ አዳዲስ መሣሪያዎችና ስለ ዓለም ወሬ ነው። እነዚህ አራት ነገሮች ስማቸው ሲጠራ ዝምድና ያላቸው አይመስሉም። ገንዘብ የኪስ፥ ግብር የመንግሥት፥ መሣሪያ የነጋዴ፥ የዓለም ወሬ ደግሞ የእኛ የዜና አንባቢዎች ጉዳይ ይመስላል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። አራቱም በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚቀመጡ ቤተ ዘመዶች መሆናቸውን የተረዳሁት በትምህርት ሳይሆን በራሴ ጥፋት ነው። ስለዚህ ነገሩን ሳልደብቅ ላጫውታችሁ።

በ2016 ዓ.ም. በመሥሪያ ቤታችን 12 ሰዎች ሆነን በየወሩ 2,000 ብር የምንጥልበት ዕቁብ ነበረን። ዕጣው 24,000 ብር መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት እናቴ የስኳር በሽታ ስለ ጸናባት ከደብረ ብርሃን አምጥቼ ከእኔ ዘንድ አስቀምጫት ነበር። የምትወጋው ኢንሱሊን የተባለው መድኃኒት፥ ብልቃጡ እስኪከፈት ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። እኛ ግን ማቀዝቀዣ አልነበረንም። መድኃኒቱ የሚቀመጠው በጎረቤታችን ቤት ስለ ነበር፥ አንዱ ብልቃጥ ባለቀ ቁጥር ባለቤቴ ሄዳ ሌላውን ታመጣለች። ጎረቤታችን ደግ ሴት ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብንም። ይሁን እንጂ በሰው ቤት የተቀመጠ መድኃኒት፥ የራስ ነው ለማለት አያስደፍርም።

ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ዕቁቡ ሲወጣልን ማቀዝቀዣ ልንገዛ ቆረጥን። ዋጋውን ብንጠይቅ ትንሹ 26,000 ብር ነው ተባልን። በዕቁቡ ገንዘብ ላይ 2,000 ብር ብንጨምርበት ይበቃናል ማለት ነው። ባለቤቴም ይህንኑ በቤት ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ዕጣው በሰኔ ወር ወጣልኝ። ገንዘቡን ይዤ ወደ ቤቴ ሳመራ ግን ከአንድ መደብር መስተዋት ውስጥ አዲስ የእጅ ስልክ አየሁ። የዓለምን ወሬ ከሁሉ በፊት ማወቅ ለሥራዬ የሚያስፈልግ ነው ብዬ ራሴን አታለልሁና 22,000 ብር ከፍዬ ገዛሁት። ለባለቤቴም፥ «ማቀዝቀዣው የትም አይሄድም፤ ለመስከረም እንገዛዋለን» አልኋት። እርሷም ደብተሩን ከደን አድርጋ፥ «ማቀዝቀዣው የትም አይሄድ ይሆናል፤ ዋጋው ግን እግር አለው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ የሚወሰን መሆኑን አስታወቀ። የዓለም የገንዘብ ድርጅትም በዚያው ቀን ለአገራችን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብድር አጸደቀ። ይህንን ዜና ማይክሮፎን ፊት ቀርበው ካነበቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ቃሉን ሳላሰናክል፥ ነጥቡንም ሳልስት አነበብሁት፤ የሥራ ጓደኞቼም አመሰገኑኝ።

ማታ ቤቴ ስገባ እናቴ ከራስጌዋ የማትለያትን ትንሽ ራዲዮ ዘግታ፥ «ድምፅህን ሰማሁ፤ ደኅና አድርገህ አነበብህ። ግን ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«ትልቅ የኢኮኖሚ ማሻሻያ ነው፥ እማዬ» አልኋት።

«እርሱንማ በራዲዮም ብለኸዋል። እኔ የምጠይቅህ ለእኛ ቤት ምን ማለት ነው ብዬ ነው።»

አድማጮቼ፥ መልስ አጣሁ። አገር ሁሉ የሰማውን ዜና በአፌ ተናግሬ በልቤ ግን አልሰማሁትም ነበር። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለውን የአባቶች ቃል ለሌላው ስናስተምር የኖርን ሰዎች፥ ለራሳችን ሐሳቡን ረስተን ወሬውን ብቻ ይዘን መቅረታችን የሚያሳፍር ነው።

ያን ምሽት ለእናቴ ልሰጣት ይገባኝ የነበረው መልስ እንደሚከተለው ነው። ከዚያ ቀን በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ በነሐሴ ወር ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ከውጭ አገር በ400 ዶላር የሚገዛ አንድ ዕቃ አለ እንበል። በቀድሞው ሒሳብ 22,800 ብር የነበረው፥ በአዲሱ 40,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። በዕቃው ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ፥ በፊት 3,420 ብር ይሆን የነበረው ወደ 6,000 ብር ከፍ ይላል። የግብሩ መቶኛ አልተለወጠም፤ የሚታሰብበት ገንዘብ ስላደገ ብቻ ግብሩም አብሮ አደገ። የጉምሩክ ቀረጥም እንዲሁ ነው።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ነጋዴ ቀድሞም ቢሆን ዶላሩን ከባንክ ውጭ በውድ ይገዛ ስለ ነበር፥ የሁሉም ዕቃ ዋጋ በዚህ ልክ አልጨመረም። ሁለተኛም፥ ቡናውን ወደ ውጭ የሚልክ ሰው በአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር በዝቶለታል። አንድ ዜና ለአንዱ ቤት ደስታ፥ ለሌላው ቤት ጭንቀት ሆኖ ሊገባ ይችላል። ይህም በየራስ ደብተር ላይ አውርዶ ለማየት ሌላ ምክንያት ነው።

በነሐሴ አጋማሽ ያንኑ ማቀዝቀዣ ብንጠይቅ 37,000 ብር ሆኖ አገኘነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በጳጉሜን መጨረሻ መጣ። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ጎረቤታችን በዓሉን ከልጆቻቸው ጋር ሊያሳልፉ ወደ አገር ቤት ሄደው ነበር። እኛ በእጃችን ያለው ብልቃጥ የሚበቃ መስሎን ዝም ብለን ኖሮ፥ ማታ ላይ አለቀ። የቀረው መድኃኒት ከተቆለፈው በር ወዲያ ነው። ወጥቼ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞርሁ። አንደኛው ተዘግቷል፤ ሁለተኛው የለንም አለኝ፤ በሦስተኛው ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ አገኘሁ። በመንገዴ ሁሉ ሕፃናት አበባየሆሽ ለማለት ልብሳቸውን ሲያዘጋጁ፥ ሰዉም ችቦ ሲያበራ አያለሁ። በኪሴ ውስጥ ያለው አዲሱ ስልክ ደግሞ የዓለምን ወሬ ይዞ በየጊዜው ይንጫጫል። ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ግን ለእናቴ የሚሆን አንድም አልነበረም።

በበዓሉ ማግስት ስልኩን በ17,000 ብር ሸጥሁት። ባለቤቴ ካጠራቀመችው 8,000 ብር አወጣች። የቀረውን 12,000 ብር ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና የብድር ማኅበር ተበድረን ማቀዝቀዣውን ገዛን። በስልኩ 5,000 ብር፥ በማቀዝቀዣው ዋጋ 11,000 ብር፥ በድምሩ 16,000 ብር ከሠርሁ። ባለቤቴ ይህንን በደብተሯ ላይ የጻፈችው በቀይ ቀለም ነው፤ አሁንም አልተሰረዘም።

ብድሩ በየወሩ ከደመወዜ ላይ የሚቆረጥ ስለ ሆነ፥ ከዚያ ወዲህ የደመወዝ ዝርዝሬን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ልማድ አደረግሁ። ብዙዎቻችን የምናየው መጨረሻ ላይ ያለውን የተጣራ ክፍያ ብቻ አይደለምን? ከእርሱ በላይ ያሉትን መስመሮች ግን ማወቅ ይገባናል።

ለምሳሌ የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት፥ በመጀመሪያው 2,000 ብር ላይ ግብር የለበትም። በቀድሞው ሕግ ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። በሚቀጥለው 2,000 ብር ላይ 15 በመቶ፥ ይኸውም 300 ብር ይከፍላል። ከዚያ በሚቀጥለው 3,000 ብር ላይ 20 በመቶ ሲታሰብ 600 ብር፤ ቀጥሎ ባለው 3,000 ብር ላይ 25 በመቶ ሲታሰብ 750 ብር፤ በመጨረሻው 2,000 ብር ላይ 30 በመቶ ሲታሰብ 600 ብር ይሆናል። ድምሩ 2,250 ብር ነው። በቀድሞው ሕግ 2,700 ብር ይከፍል ስለ ነበር በወር 450 ብር ቀርቶለታል። ለጡረታ ደግሞ ከራሱ ላይ 7 በመቶ፥ 840 ብር ይቆረጥበታል፤ አሠሪውም 11 በመቶ፥ 1,320 ብር ይጨምርለታል። እጁ የሚገባው 8,910 ብር ነው።

ይህንን በዝርዝር የተናገርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደመወዙ 14,000 ብር ከደረሰ በኋላ የ500 ብር ጭማሪ ቢመጣለት፥ «35 በመቶ ውስጥ ልገባ ነው፤ ጭማሪው ይጎዳኛል» ብሎ ሲጨነቅ አገኘሁት። የገቢ ግብር ግን እንደ ደረጃ ነው። ላይኛውን እርከን የረገጠ ሰው ታችኞቹ እርከኖች አይፈርሱበትም። 35 በመቶው የሚታሰበው ከ14,000 ብር በላይ በሆነው በ500 ብሩ ላይ ብቻ ስለ ሆነ ግብሩ 175 ብር፥ የጡረታውም 35 ብር ነው፤ 290 ብር በእጁ ይቀራል። ይህንን በወረቀት ላይ ሠርቼ ባሳየሁት ጊዜ ስቆ፥ «ሦስት ሌሊት በከንቱ እንቅልፍ አጣሁ» አለኝ።

ስለ ግብር ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ግብርም እንደ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው ግን መንገድ፥ ትምህርት ቤት፥ ሐኪም ቤት ሆኖ ለሁሉ ይወጣል። በዕቁብ ላይ ዳኛና ጸሐፊ እንዳሉ፥ ደብተሩም ለአባላቱ እንደሚነበብ ሁሉ፥ ግብር ከፋይም ለከፈለው ደረሰኝ መቀበልና ሒሳቡን መጠየቅ ይገባዋል። ደረሰኝ ሳይቀበል የሚሄድ ገዢ የከፈለው ታክስ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይግባ አይግባ ሊያውቅ አይችልም።

አሁን ወደ ዓለም ወሬ ልመለስ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ርዝመቷ 400 ሜትር የሆነ ኤቨር ጊቭን የተባለች መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀን ዘግታ ቆመች። ዜናውን ሳነብ እንደ ተአምር እንጂ እንደ ጉዳይ አልቆጠርሁትም ነበር። ነገር ግን ከአውሮፓ ተጭኖ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በዚያው ቦይ ያልፋል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነቱ ሲስፋፋ፥ ዩክሬን ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ የሱፍ ዘይት ወደ ውጭ የምትልክ አገር እንደ ነበረች ልብ አላልሁም። የምግብ ዘይት ሲወደድ ግን ባለቤቴ በደብተሯ ላይ አስተዋለችው። ከ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጀምሮም በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት በደረሰ ጊዜ፥ ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። የመርከብ መንገድ ሲረዝም ኪራዩ ይጨምራል፤ ኪራዩም በመጨረሻ በዕቃው ዋጋ ላይ ያርፋል።

አዳዲስ መሣሪያዎችን አልነቅፍም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የመብራት ክፍያ ለመፈጸም ተሰልፎ መቆም ቀርቶልኛል፤ አሮጌው ስልኬም ለዚህ ይበቃል። ነገር ግን ብር ከኪስ ሲወጣ እጅ ያውቀዋል፤ በስልክ ሲወጣ ግን አንድ ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው። በአንድ ጣት የሚገኘው ብድርም እንደዚሁ ነው፤ ለመውሰድ ይቀላል፥ ለመክፈል ግን ደመወዝ ይጠብቃል። ስለዚህ በቤታችን በስልክ የወጣው ሁሉ በዚያው ምሽት በደብተር ላይ ይጻፋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በማናቸውም ዜና ላይ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ልማዴ አድርጌአለሁ። አንደኛ፥ ይህ ነገር በምን መንገድ ወደ አገሬ ይገባል? ሁለተኛ፥ በቤቴ ደብተር በየትኛው መስመር ላይ ያርፋል? ሦስተኛ፥ ዛሬ ልሠራው ወይም ልተወው የሚገባኝ ነገር አለን? መልሱ ብዙ ጊዜ «ምንም የለም» ነው፤ ያን ጊዜ ያለ ሥጋት ተኝቼ አድራለሁ። አንዳንድ ጊዜ ግን መልስ አለው፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. እነዚህን ጥያቄዎች ባውቃቸው ኖሮ በዘመን መለወጫ ዋዜማ በሌሊት ባልሮጥሁ ነበር።

እናቴ ዛሬም ራዲዮዋን ከራስጌዋ አልለየችም። መድኃኒቷ በቤታችን ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ማታ ስገባ፥ «ደኅና አነበብህ» ማለቷን ትታ፥ «ለእኛ ቤትስ?» ብቻ ትለኛለች። እኔም ኮቴን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀምጬ ልነግራት እሞክራለሁ፤ ያላወቅሁትንም አላወቅሁም እላታለሁ። እናንተም ይህንን ንግግር ሰምታችሁ ስታበቁ ቤተ ሰባችሁ ይህንኑ ጥያቄ ቢጠይቃችሁ፥ ደብተርና እርሳስ አቅርባችሁ እንድትመልሱ አደራ እላለሁ።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃኝ።