በደብዳቤ የምትጓዝ ቡቃያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ የሚደረጉት ንግግሮች እንደ ልማዳቸው ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መሥመር ናቸው። አዘጋጆቹ «በዚህ ዓመት ከሥራህ ውጭ ስለምታዘወትረው ነገር ንገረን» ባሉኝ ጊዜ ግን፣ መጠኗ ከጤፍ ፍሬ ጋር ስለምትቀራረብ አንዲት አረንጓዴ ቅንጣት ለመናገር ቈረጥሁ። ምርጫዬ ቀልድ የመሰላቸው ባልደረቦች አልጠፉም። ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን በመጨረሻው ላይ ትፈርዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንደሚታወቀው በዓለም ላይ ነፍሳትን እያጠመዱ የሚመገቡ ዕፅዋት አሉ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ድሮሴራ የሚባለው ወገን ነው። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ጤዛ የለበሰ ማለት ነው። ቅጠሉን የሸፈኑት ፀጉሮች በጫፋቸው ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ስለሚቋጥሩ፣ ተክሉ በቀትር ፀሐይ እንኳ የንጋት ጤዛ ያረፈበት ይመስላል። በዚያ ጤዛ ተታልላ ያረፈች ትንኝ ግን አትነሣም። ተክሉ ይህን የሚያደርገው በጭካኔ ሳይሆን በድህነት ነው፤ የሚኖርበት አሸዋና ረግረግ ናይትሮጅን የጐደለው ስለሆነ፣ ከመሬት ያጣውን ከአየር ያሟላል።

ከድሮሴራዎች መካከል ድንክ የሚባሉት ዝርያዎች ቍጥራቸው ወደ 50 ይጠጋል። ከጥቂቶቹ በቀር የሁሉም አገር የአውስትራልያ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ነው። ብዙዎቹ ሙሉ አካላቸው ሲለካ ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፤ በአንድ የሳንቲም ገጽ ላይ አንዱ ተክል ከነቅጠሉ ይቀመጣል። በዚያ አገር ዝናብ የሚዘንበው በብርድ ወራት ሲሆን፣ የሙቀቱ ወራት ደግሞ ደረቅ ነው። ስለዚህ ድንኩ ተክል በድርቁ ጊዜ እምቡጡን በብርማ ሽፋን ጠቅልሎ ይተኛል፤ ዝናቡ ሲመጣ ይነቃል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚገርመው የመራቢያ ዘዴው ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲጠነክር፣ ከተክሉ እምብርት ላይ በተለመደው ቅጠል ፈንታ ጄማ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይበቅላሉ። ጄማ በላቲን ቋንቋ እምቡጥም ዕንቍም ማለት ነው። እያንዳንዷ ጄማ ቅርጽዋን የለወጠች ቅጠል ስትሆን፣ ብቻዋን ሥር ሰዳ ሙሉ ተክል ለመሆን የሚያስፈልጋትን ሁሉ ይዛ ትወጣለች። ዘር አይደለችም፤ አባት የላትም። የእናቲቱ ትክክለኛ ግልባጭ ናት። ጄማዎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀውና ተገፋፍተው በጽዋ መሰል ጕድጓድ ውስጥ ተደርድረው የዝናብ ጠብታ ይጠብቃሉ። ዲያሜትሩ 4 ሚሊሜትር የሆነ ጠብታ 33 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል፤ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። ይህ ጠብታ ከጽዋው ላይ ሲያርፍ ጄማዎቹን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይበትናቸዋል። ሞተር የለ፣ ምንጭ የለ፤ ኃይሉ በሙሉ ከሰማይ የወረደ ነው።

እነዚህን ቅንጣቶች ያወቅኋቸው ከእ.ኤ.አ. 2014 እስከ 2022 በጀርመን አገር ለትምህርትና ለሥራ በቈየሁበት ጊዜ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር በመስኮታቸው ላይ ያሳደጓቸውን ድንክ ድሮሴራዎች አሳይተውኝ ነበር። በጥር ወር 2016 አንድ ፖስታ ላኩልኝ። በውስጡ አምስት ጥቃቅን የላስቲክ ከረጢቶች ነበሩ። በየከረጢቱ እርጥብ ወረቀት፣ በወረቀቱም ላይ 20 ያህል ጄማዎች ነበሩበት። ከእነርሱ ጋር የነበረችው ማስታወሻ አጭር ናት፤ «አትቅበራቸው፤ ብርሃን ይሻሉ። ከበረከቱልህ አካፍል» ትላለች። ዋጋ አልጠየቁኝም። በዚህ ሥራ የተለመደው ክፍያ ቴምብር የተለጠፈበት የመመለሻ ፖስታ ብቻ ነው።

የልውውጡ ልማድ አዲስ አይደለም። ነፍሳት በል ዕፅዋትን የሚያሳድጉ ሰዎች ከ1972 ጀምሮ በመጽሔት ይገናኛሉ፤ ዓለም አቀፍ ማኅበራቸውም ለአባሎቹ የዘር ባንክ አለው። ይሁን እንጂ ጄማ እንደ ዘር ለዓመታት በመሳቢያ ተቀምጣ የምትጠብቅ አይደለችም። ከተለቀመች በኋላ በማቀዝቀዣ ውስጥ ብትቀመጥ እንኳ የምትቈየው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ስለዚህ ለመስጠት ያሰበ ሰው ዛሬ ይሰጣል እንጂ ለከርሞ ሊያሳድር አይችልም።

አላላኩም የራሱ ጥበብ አለው። ተክሉ ያለበትን ማሰሮ ዘንበል አድርጎ እምብርቱን በእርጥብ የጥርስ መፋቂያ ስንጥር ሲነካኩት ጄማዎቹ በነጭ ወረቀት ላይ ይረግፋሉ። ከዚያ መቍጠር፣ በዝርያ መለየትና ስማቸውን መጻፍ ይከተላል። እኔ መጀመሪያ የላክኋቸው ሦስት ፖስታዎች ጄማዎቹ ተጨፍልቀው ደረሱ። ምክንያቱን ለማወቅ የደብዳቤ መለያ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት አስፈለገኝ፤ ደብዳቤው በጥቅልል ጎማዎች መካከል በፍጥነት ስለሚያልፍ፣ ለወረቀት ምንም ያልሆነው ግፊት ለጄማ የሞት ፍርድ ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር። ቅንጣቶቹን ከአንድ የውሃ ጠብታ ጋር ላቦራቶሪዎች በሚጠቀሙባት ትንሽ ቱቦ ውስጥ ከትቶ፣ ቱቦዋን በካርቶን መካከል በተፈለፈለ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ግፊቱን ካርቶኑ ይሸከማል፤ ጄማዋ በሰላም ትተኛለች። ውሃው ከበዛ ትበሰብሳለች፣ ካነሰ ትደርቃለች። በተጨማሪም የጄማ ወራት በአውሮፓ የገና በዓል ደብዳቤ ከሚጨናነቅበትና ብርዱ ከሚበረታበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥም፣ ፖስታውን ሰኞ ዕለት መላክ እንጂ ዓርብ ልኮ ቅዳሜና እሑድን በቀዝቃዛ መጋዘን ማሳደር ስሕተት ነው።

የደረሰው ሰው በእኩል መጠን የተደባለቀ አተላ አፈርና አሸዋ አዘጋጅቶ፣ በዝናብ ውሃ አርሶ፣ ጄማዎቹን በላዩ ላይ ይበትናቸዋል። አፈር አያለብሳቸውም። ብርሃን ካገኙ በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ጫፍ ያወጣሉ፤ በወራት ውስጥም ትንኝ ያጠምዳሉ። ሥራቸው ከአካላቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ረጅምና ስስ ስለሆነ፣ ከበቀሉበት ማዛወር ግን አይመከርም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በ2019 የበጋ ወራት ቤተሰቤን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። ማሰሮዎቼን በጥልቅ ሳሕን ውስጥ ውሃ ሞልቼላቸው፣ ለሦስት ሳምንት ይበቃቸዋል ብዬ አስልቼ ነበር። ስሌቴ ባለፉት ዓመታት አማካይ ሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። በዚያው በሐምሌ ወር መጨረሻ ግን የጀርመን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፈ። ስመለስ ሳሕኑ ደርቆ፣ አፈሩ ተሰንጥቆ፣ አምስቱም ዝርያዎች ከሰል ሆነው ጠበቁኝ። በአማካይ ላይ ብቻ ተመሥርቶ መንደፍ ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ አልናገርም።

መምህሩ በዚያን ጊዜ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ገብተው፣ ተክሎቻቸው ተበታትነው ነበር። ስለዚህ ጄማ ለላክሁላቸው ስድስት ሰዎች ሁሉ ጻፍሁ። አራቱ መለሱልኝ። በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ፖስታዎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። በአንዱ ፖስታ ውስጥ ያገኘሁት ስም መግለጫ በራሴ እጅ የተጻፈ ነበር፤ ሰውየው ከሦስት ዓመት በፊት እኔ የላክሁለትን ወረቀት ሳይጥል አብሮ መልሶልኛል። በዚህ ሁኔታ አራቱ ዝርያዎች ተመለሱ።

አምስተኛው ግን አልተመለሰም። የጠፋውም ስላልታደልሁ አይደለም፤ ለማንም ስላልሰጠሁት ነው። ከሁሉ ይልቅ ብርቅ ነበር፤ ከየትኛው ሥፍራ እንደተገኘ መምህሩ መዝግበውት ነበር። «ትንሽ ይብዛልኝና ከዚያ አካፍላለሁ» እያልሁ ሦስት የብርድ ወራት አሳለፍሁ። አባቶቻችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲሉ የምግባር ተግሣጽ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን የምሕንድስና ደንብም እንደሆነ አምናለሁ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር፣ ባለቤቱ ምንም ያህል ቢጠነቀቅለት፣ ሊጠፋ የተቃረበ ነገር ነው።

የተከበራችሁ አባሎች፣

ንግግሬን እዚህ ላይ ባቆመው መልካም ምክር በሆነ ነበር፤ እውነቱ ግን ግማሽ ይሆናል። መካፈል ሌላም ገጽ አለው። በእንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር ፖስታ እንለዋወጥ ነበር። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የጋራ ገበያ ከወጣች በኋላ፣ ከጥር 2021 ጀምሮ ከዚያ ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚላክ ማንኛውም የሚተከል ተክል የጤና ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ግድ ሆነ። በነፃ ለሚሰጥ 20 ጄማ የምርመራ ክፍያ መክፈል የሚታሰብ አይደለም። አንዳንዶች ቱቦዋን በገና ካርድ ውስጥ ደብቀው መላክ ቀጠሉ። ወዳጄም እንዲሁ እናድርግ አለኝ። እምቢ ስለው ተቀየመኝ፤ የዚያ ዓመት ልውውጣችንም የመጨረሻው ሆነ።

በ2022 ወደ አገሬ ስመለስ ፈተናው ወደ ራሴ መጣ። ሠላሳ ጄማዎች በፓስፖርቴ ልባስ ውስጥ ቢገቡ ማንም አያገኛቸውም። አስገባኋቸው፤ አወጣኋቸው። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብሁት ግን ስለ ድሮሴራ አልነበረም፤ ስለ እንሰት ነበር።

እንሰት እንደ ጄማ ሁሉ በግልባጭ የሚባዛ ተክል ነው። በደቡብ አገራችን ገበሬው ከአምቾው ያፈላውን ችግኝ ለጎረቤቱ፣ ለአማቹ፣ ለአዲስ ጎጆ ወጪ ይሰጣል። ለብዙ ትውልድ ያን ሁሉ የእንሰት ዓይነት ጠብቆ ያኖረው ይህ ልግስና ነው። ሆኖም እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታም በዚያው መንገድ፣ በታመመ ችግኝና ባልጸዳ ቢላዋ፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይሻገራል። በሽታው በአገራችን ተጠንቶ የታተመው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2001 ደግሞ በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ ታየ። የሰጠው ሰው ክፉ አላሰበም። በእጁ ያለውን ሁሉ ማየት አልቻለም እንጂ።

በእርጥብ ወረቀት ላይ ያለችው ጄማም ብቻዋን አትጓዝም። ከእርሷ ጋር የሻጋታ ዘር፣ የትል ዕንቍላል፣ የእንግዳ ሣር ፍሬ ሊኖር ይችላል። የአገራችን ሕግ ያለ ፈቃድና ያለ ምስክር ወረቀት ተክል እንዳይገባ የከለከለው ሰውን ለማስቸገር አይደለም። እኔ በመስኮቴ ላይ ለምደሰትበት ነገር፣ የማላውቀው ገበሬ ጓሮውን ዋስ እንዲያደርግልኝ መጠየቅ አልችልም። ስለዚህ ጄማዎቹን ለአንዲት ወጣት ተማሪ፣ ከነማሰሮዎቻቸውና ከነስም መግለጫቸው፣ አስረክቤ ባዶ እጄን ተሳፈርሁ።

ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን በሦስት ነገር ላጠቃልል። አንደኛ፣ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር በአንድ እጅ መቅረት የለበትም፤ ይህ ለተክል ብቻ ሳይሆን በመሥሪያ ቤቶቻችን መሳቢያ ለተቈለፉት የሕንፃ ንድፎችና የወንዝ ልኬት መዝገቦችም ይሠራል። ሁለተኛ፣ የሚሰጥ ነገር ስሙ፣ ምንጩና ቀኑ ተጽፎበት ይሰጥ፤ ያለ መግለጫ የተላለፈ ቅጂ ሲመለስ ማንነቱ አይታወቅም። ሦስተኛ፣ ሰጪው ስጦታው ከተቀባዩ አልፎ የት ሊደርስ እንደሚችል ያስብ። አገራችን በ1908 እ.ኤ.አ. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ደብዳቤያችን በየአገሩ እንዲታመን ቃል የገባን ያህል ነው፤ ያ እምነት የሚጠበቀው በፖስታው ውስጥ ያለው ነገር በላዩ ከተጻፈው ጋር ሲስማማ ነው።

ያቺ ተማሪ ባለፈው የብርድ ወራት አንድ ፎቶግራፍ ልካልኝ ነበር። በጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ዐሥራ አንድ ፖስታዎች ይታያሉ፤ ሁሉም በአንድ አገር ውስጥ የሚሄዱ ናቸው። ከዐሥራ አንዱ አንዱም ወደ እኔ አልመጣም። አራቱም ዝርያዎች ግን በሕይወት አሉ።