የመጀመሪያው ሰዓት፦ ለልጆች የጌም ማጫወቻ ስለ መምረጥና ስለ ማዘጋጀት

(ለወላጆችና ለመምህራን ክፍት በነበረው የፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ የሚቀል መስሏችሁ ይሆናል። ነገር ግን የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር በመሆኔ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ለልጄ የትኛውን ፕሌይስቴሽን ልግዛ?» እያሉ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ከካርቶኑ ከወጣ በኋላስ ማን ያዘጋጀው?» የሚል ነው። በእኔ እምነት ልጅን የሚጠብቀው ከማሽኑ ዓይነት ይልቅ፣ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የሚሞላው ቅጽ ነው። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከምርጫው እንጀምር። ገበያውን የያዙት በዋናነት ሦስት ናቸው፤ የሶኒ ፕሌይስቴሽን፣ የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ እና የኒንቴንዶ ስዊች። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ስዊች ለትንንሽ ልጆች የሚስማሙ በርካታ ጨዋታዎች አሉት፤ መደበኛው ዓይነት በእጅ ተይዞም ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶም ይሠራል፤ የራሱ ስክሪንና ባትሪ ስላለውም መብራት ሲጠፋ ጨዋታው አይቋረጥም። ከፍ ላሉና እግር ኳስ ለሚወዱ ልጆች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ፕሌይስቴሽን ነው። እዚህ ላይ የልጁ ጓደኞች ምን ዓይነት ማጫወቻ እንዳላቸው መጠየቅ ብልኅነት ነው፤ አንድ ዓይነት ማጫወቻ ያላቸው ልጆች ዲስክ ይዋዋሳሉና።

ስለ ዲስክ ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡት የፕሌይስቴሽን 5 ዲጂታል እትም እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የዲስክ ማስገቢያ ሳይኖራቸው ነው ለገበያ የቀረቡት። ዋጋቸው ስለሚቀንስ ያጓጓሉ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጨዋታ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት፤ ትልልቅ ጨዋታዎች ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። በጥቅል ዳታ ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ ሁለተኛ ዋጋ ነው። በተጨማሪም ከኦንላይን መደብር ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ የስጦታ ካርድም ቢሆን አካውንቱ ከተከፈተበት አገር ጋር መዛመድ አለበት። ዲስክ ግን ይዋሳል፣ ይሸጣል፣ ለታናሽ ወንድምም ይተላለፋል። ስለዚህ በእኛ ሁኔታ የዲስክ ማስገቢያ ያለውን እመክራለሁ።

ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ወደ ቤታችን የሚገቡት ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። አዳዲሶቹ ማጫወቻዎች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ግን፣ ለምሳሌ የኤክስቦክስ 360 የኃይል አስማሚ፣ የእኛን ኃይል አይችሉም። መፍትሔው በማሽኑ ጀርባ ወይም በአስማሚው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። የሶኬት መቀየሪያ የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን እንደማይለውጥ አትዘንጉ። ያገለገለ ማሽን የምትገዙ ከሆነም የቀድሞው ባለቤት አካውንት ከነሙሉ መረጃው መሰረዙን ሻጩ ፊት አረጋግጡ። መከላከያው ተጥሶ በሕገወጥ መንገድ በጨዋታ የተሞላ ማሽን ርካሽ ቢመስልም፣ የትኛው ጨዋታ ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ ሳይለይ ሁሉንም ለልጁ አሳልፎ ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ማሽኑ ሲከፈት በመጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የተጠቃሚውን ማንነትና የትውልድ ቀን ነው። በብዙ ቤት ይህን ቅጽ የሚሞላው የሱቁ ሠራተኛ ወይም ራሱ ልጁ ነው። ልጁ ከሞላው ማሽኑ የሚያውቀው አንድ አዋቂ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም የ10 ዓመቱ ልጅ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የወላጅ አካውንት በወላጅ ኢሜይል ይከፈት፤ ከዚያ በሥሩ የልጅ አካውንት ይፈጠር። የይለፍ ቃሉና የምስጢር ቁጥሩም በወላጅ እጅ ይቆይ።

እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያሻናል። ማሽኑ የሚጠይቀው የትውልድ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በዚያ አቆጣጠር የተወለደው አፕሪል 18 ቀን 2016 ነው። ወላጅ በልማድ «2008» ብሎ ከሞላ ልጁ በአንድ ጊዜ 8 ዓመት ይጨምራል፤ የ10 ዓመቱ ልጅ የ18 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። በዕድሜ ላይ የተመሠረቱት ጥበቃዎች በሙሉ ሥራ ያቆማሉ፤ ምንም ማስጠንቀቂያም አይመጣም። ማሽኑ የተነገረውን አምኗልና። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት አጠገባችሁ አድርጋችሁ ቀኑን ቀይራችሁ ሙሉ።

የመነሻ ቅንብር ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያሳይ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ የፎርትናይት ባለቤት የሆነው ኤፒክ ጌምስ በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱን ይፋ አደረገ። ከዚህ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን የግል መረጃ ከሚጠብቀው ሕግ ጋር የተያያዘ ቅጣት ነበር፤ 245 ሚሊዮኑ ደግሞ ያልፈለጉትን ግዢ ለፈጸሙ ተጫዋቾች የሚመለስ ገንዘብ ነው። ከኮሚሽኑ ክሶች አንዱ የድምፅና የጽሑፍ ግንኙነት ከመነሻው ክፍት ሆኖ መቅረቡ፣ በዚህም ልጆች ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር መገናኘታቸው ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሩን የከፈተው ልጁ አልነበረም፤ ተከፍቶ ነው የጠበቀው። ስለሆነም የመልእክትና የድምፅ ግንኙነቱን በመጀመሪያው ሰዓት ዝጉት፤ ኋላ ልጁ ሲያድግና ጓደኞቹን ስታውቋቸው ለእነርሱ ብቻ ትከፍቱለታላችሁ።

ቀጥሎ ገንዘብ ነው። የባንክ ካርድ በማሽኑ ላይ አታስቀምጡ፤ የወጪ ጣሪያውንም ዜሮ አድርጉት። በጨዋታ ሽፋን ላይ ያለው የዕድሜ ምልክት ይህን አይተካም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ኢ.ኤስ.አር.ቢ «ኢ» ለሁሉም፣ «ቲ» ከ13 ዓመት በላይ፣ «ኤም» ከ17 ዓመት በላይ እያለ ይመድባል፤ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው ፔጊ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉ ቁጥሮችን ያትማል። እነዚህን ምልክቶች ማንበብ ግድ ነው። ነገር ግን ፊፋ የተባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ተመልከቱ። ፔጊ 3 የሚል ምልክት ነበረው፤ በውስጡ ግን ምን እንደያዘ ሳይታወቅ በገንዘብ የሚገዛ የተጫዋቾች ጥቅል ነበር። የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሣጥኖችን ከቁማር ስለ ፈረጃቸው፣ የጨዋታው አሳታሚ በ2019 መጀመሪያ ለዚህ ግዢ የሚያገለግለውን ነጥብ በዚያች አገር መሸጥ አቆመ። የዕድሜ ምልክቱ በዋነኛነት ስለሚታየውና ስለሚሰማው ይነግራችኋል፤ በመስመር ላይ ማን ልጃችሁን እንደሚያነጋግረው ግን አይመዝንም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ለትልልቆቹ ቤተሰቡ የራሱን ልክ ያውጣ። ሦስቱም ማጫወቻዎች የቀን ገደብ ይቀበላሉ። በስዊች ላይ ጊዜው ሲያልቅ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲሰጥ ወይም ጨዋታውን እንዲያቆም መምረጥ ይቻላል። በማስጠንቀቂያው መጀመርን እመርጣለሁ፤ ልጅ በግጥሚያ መካከል ሲቋረጥበት ከሕጉ ይልቅ ቂሙን ያስታውሳልና። ገደቡን ከማሽኑ በፊት ከወላጁ አፍ ይስማ፤ ምክንያቱም ይነገረው።

ቦታውም የዝግጅቱ አካል ነው። ማጫወቻው ሳሎን ይቀመጥ እንጂ ልጁ መኝታ ክፍል አይግባ። በመስታወት የተዘጋ ቡፌ ውስጥ አታስገቡት፤ ዳንቴልም አታልብሱት፤ ሙቀቱን የሚያወጣበት አየር ይፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በስታቢላይዘር በኩል ይሰካ፤ ጨዋታው ሲያበቃም በዕረፍት ሁነታ ከመተው ሙሉ በሙሉ ይጥፋ።

«ልጄ እኮ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ልጁ ማሽኑን ያውቅ ይሆናል፤ እናንተ ግን ልጁን ታውቃላችሁ፤ ቅጹም የሚጠይቀው ስለ ልጁ ነው። «እንዲያውስ ባልገዛለትስ?» ለሚሉም መልሴ፣ አለመግዛት የተከበረ ምርጫ ነው የሚል ነው። ግን በሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ካለ ልጁ እዚያ ይሄድ እንደሆነ፣ ምንስ እንደሚጫወት ጠይቁ። እዚያ የዕድሜ ምልክት የሚያነብለት ሰው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ለገና ወይም ለልደት ማጫወቻ ልትሰጡ ያሰባችሁ ሁሉ አንድ ምሽት አስቀድማችሁ ካርቶኑን ክፈቱ። የመጀመሪያው የሶፍትዌር ማሻሻያ ጊዜ ይወስዳልና ልጁ ፊት ተጣድፋችሁ «ቀጥል» የሚለውን ሳታነቡ እንዳትጫኑ ይረዳችኋል። አካውንቱን፣ ቀኑን፣ ግንኙነቱን፣ ወጪውንና ሰዓቱን አንድ በአንድ ጨርሱ። በማግስቱም ሁለተኛውን ጆይስቲክ ያዙና የመጀመሪያውን ግጥሚያ አብራችሁት ተጫወቱ። ምናልባት ትሸነፋላችሁ፤ ነገር ግን ልጁ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚሰማ ከዚያ የተሻለ የምታውቁበት መንገድ የለም።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።